ልጄን በምን ለካችሁት?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አባት በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ያሽከረክራል፤ የበኩር ልጁ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አማካሪዋ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ተማሪዎችን ሲያማክሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በመግቢያ ቃለ መጠይቅም ከጠያቂዎች ወገን የተቀመጡ ሴት ናቸው።

አባት፦ እትዬ፣ እኔን ያናደደኝ ልጄ አለማለፉ አይደለም። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ «ኤ» ሲያመጣ ኖሯል። አስተማሪዎቹ መስክረውለታል። ማርች መጨረሻ ላይ ውጤቱ ሲመጣ በመጀመሪያ ምርጫው ተጠባባቂ ሆነ፤ ተራውም ሩቅ ነው። ደወልኩ። «ኢንተርቪው ላይ ሌሎች ልጆች የበለጠ ነጥብ አገኙ» አሉኝ። እሱ ስንት አገኘ? አይነገርም። ከስንት? አይነገርም። ምን ጎደለው? እሱም አይነገርም።

አማካሪዋ፦ የትኛው ትምህርት ቤት ነው?

አባት፦ ስሙን ለማንም አላወራም። ተራው ደርሶት ሊገባበት ይችላል፤ አባቱ ያማው ትምህርት ቤት እንዲሆንበት አልፈልግም።

አማካሪዋ፦ መልካም አደረግህ። ልጁ ከኢንተርቪው ሲወጣ ምን አለህ?

አባት፦ «ስለ ራስህ ንገረን አሉኝ» አለ። ምን መለስክ ብዬ ጠየቅኩት። «ሒሳብ እወዳለሁ አልኳቸው።» ከዚያስ? «ከዚያማ ሌላ ጥያቄ እስኪጠይቁኝ ዝም አልኩ።»

አማካሪዋ፦ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። የኛን ልጆች ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ የተጠየቁትን ብቻ መልሰው፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ሲወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አገር ቤት ቢሆን ጠያቂዎቹ ሽማግሌዎች «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። እዚህ ከጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ወረቀቷ ላይ የምትጽፈው «ጉጉት አይታይበትም» የሚል ነው። ሁለታችንም ያየነው አንድ ልጅ ነው።

አባት፦ ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው? ትልቅ ሰው ፊት ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ራስህን አታወድስ፣ ሰው ያመስግንህ እያልኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

አማካሪዋ፦ ጥፋት አትበለው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት የኛው ነው፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም የኛው ነው። እዚህ አገር ይዘን መጥተን ለልጆቻችን ያወረስነው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሌላስ ምን ጠየቁት?

አባት፦ ክረምቱን ምን ሠራህ ብለውታል።

አማካሪዋ፦ ምን አለ?

አባት፦ «ቤት ነበርኩ» አለ። እውነቱን ነው፤ ካምፕ አልላክነውም፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እናቱ ቀን ትሠራለች፣ እኔ ሌሊቱን እነዳለሁ። እሱ ታናሽ እህቱን ይጠብቃል፤ እናቴን ሐኪም ቤት የሚወስዳትም እሱ ነው። ስኳር አለባት። ሐኪሙ የሚለውን እሱ ነው በአማርኛ የሚነግራት፤ መርፌውን መቼ እንደምትወጋ፣ ምን እንደማትበላ በደብተር ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎላታል።

አማካሪዋ፦ ይህን አልነገራቸውም?

አባት፦ ምን ብሎ ይናገር? የቤት ሥራ እኮ ነው። አያቱን በማገዙ ሊመሰገን ነው?

አማካሪዋ፦ ሊመሰገን ሳይሆን ሊቆጠርለት ነው። በእርግጥ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህንን ሸክም መሸከም አልነበረበትም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በኋላ እንነጋገርበታለን። ግን እኔ የተቀመጥኩባቸው ኮሚቴዎች የሚሞሉት ቅጽ ላይ «ኃላፊነት መውሰድ»፣ «ችግር መፍታት»፣ «ለሌላ ሰው ማሰብ» የሚሉ ረድፎች ነበሩ። ሌላው ልጅ ገብቶ ሁለት ሳምንት የሮቦት ካምፕ እንደሄደ ይናገራል፤ ቡድኑን እንዴት እንዳስተባበረ፣ ሞተሩ እምቢ ሲል ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል ያስረዳል። አይዋሽም፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ቤቱ እራት ላይ «ዛሬ ምን አስቸገረህ? እንዴት ተወጣኸው?» እየተባለ ያደገ ነው። ኢንተርቪውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመድ ኖሯል። ያንተ ልጅ ከዚያ የከበደ ሥራ ሠርቶ «ቤት ነበርኩ» አለ። ጠያቂው ያልሰማውን አይጽፍም።

አባት፦ እንግዲያው የለካው ልጁን አይደለማ! የለካው ቤቱን ነው።

አማካሪዋ፦ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ነገር ሠራተኛ መቅጠርን የሚያጠኑ ሰዎች ከኔ የተሻለ ይናገራሉ፤ እንደ መጣ የሚደረግ፣ ለአንዱ አንድ ጥያቄ ለሌላው ሌላ ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ሰውየው ወደፊት እንዴት እንደሚሠራ በመተንበይ ረገድ ደካማ እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል። ጠያቂ ራሱን የሚመስል ሰው ይወዳል። እኔም ሰው ነኝና አንገቱን የደፋ ልጅ ሲገባ ልቤ ወደሱ ይሄድ ነበር። እሱም አድልዎ ነው።

አባት፦ ስለዚህ ፈተናው ይመለስ! እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን ወረቀቴን ያረመው ሰው የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም ነበር። ከገጠር መጥቼ፣ በባዶ እግሬ ተፈትኜ፣ ከከተማው ነጋዴ ልጅ በልጬ አለፍኩ። ማንም «ስለ ራስህ ንገረን» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

አማካሪዋ፦ እውነትህን ነው፤ ይህንን አላጣጥለውም። እዚህም ፈተና ነበር። ስኩል ዊዝአውት ዎልስን ውሰድ፤ ከ1971 ጀምሮ ያለ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሐል የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። የራሱ መግቢያ ፈተና ነበረው፤ በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ፈተናው ቀረና የክፍል ውጤትና ቃለ መጠይቅ ሚዛኑን ያዙ። በዚያን ጊዜ ብዙ ወላጅ እንዳንተ ጮኋል። ግን ኒው ዮርክን ደግሞ ተመልከት። እዚያ ስታይቨሰንትን ለመሰሉት ትምህርት ቤቶች መግቢያው አንድ ፈተና ብቻ እንዲሆን ከ1971 ጀምሮ በክልሉ ሕግ ተጽፏል። ኢንተርቪው የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ የማን ልጅ ነህ የለም። አንተ የምትፈልገው ይኸው ነው። በ2019 ስታይቨሰንት ከቀረበለት 895 ቦታ ጥቁር ተማሪዎች ያገኙት 7 ነበር።

አባት፦ ሰባት መቶ?

አማካሪዋ፦ ሰባት ልጅ።

አባት፦ ይህ ያስደነግጣል። ግን እትዬ፣ እዚያ ያለፉትስ እነማን ናቸው? ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች አይደሉም? እናቱ ልብስ ስፌት፣ አባቱ ምግብ ቤት የሚሠራ የቻይና ልጅ፣ የባንግላዴሽ ታክሲ ነጂ ልጅ። እኔ ኒው ዮርክ የሚነዱ ጓደኞች አሉኝ፤ የባንግላዴሹ ሰውዬ ከልብሱ ቀንሶ ለልጁ የቅዳሜ ትምህርት ይከፍላል። ያ ሰው ምን አጠፋ?

አማካሪዋ፦ ምንም አላጠፋም። እነዚያን ወላጆች እንደ ባለጠጋ የሚያወሩባቸው ሰዎች ያበሳጩኛል። ችግሩ ትምህርት ቤቱ ያላስተማረውን ነገር ፈተናው መጠየቁ ነው። ክፍል ውስጥ ያልተሰጠውን ውጭ ገዝቶ ማሟላት የቻለና፣ ይህን ማድረግ እንዳለበት በጊዜ የሰማ ያልፋል። ያልሰማ ይቀራል። የኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሰባተኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ነው፤ እዚህ ዲሲ የሚቆጠረው የክፍል ውጤት ግን ያኔ በአብዛኛው ተዘግቷል።

አባት፦ እኔም የሰማሁት ስምንተኛ ክፍል ኅዳር ላይ ነው። ለዚያውም ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ሰው ነግሮኝ።

አማካሪዋ፦ አየህ? ፌርፋክስ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ፣ የኛ ሰው በብዛት ያለበት አካባቢ። ቶማስ ጄፈርሰን የሚባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ በ2020 ፈተናውን ሰረዘ፤ የመቶ ዶላር ማመልከቻ ክፍያውንም አነሣ። ከዚያ ከእያንዳንዱ መካከለኛ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ቁጥር አንድ ነጥብ አምስት በመቶ ለሚሆኑ ምርጥ ልጆች ቦታ ያዘ። በመጀመሪያው ዙር የእስያ ዝርያ ያላቸው ልጆች ድርሻ ከ73 ወደ 54 በመቶ ወረደ፤ ወላጆች ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2023 ለትምህርት ቦርዱ ተፈረደ፤ በፌብሩዋሪ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላየውም ብሎ አሳለፈው።

አባት፦ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?

አማካሪዋ፦ በመቶኛው ሐሳብ እስማማለሁ። ልጅህ አብሮት ከተማረው፣ ያንኑ አስተማሪ ካዳመጠው፣ ያንኑ መጽሐፍ ካነበበው ልጅ ጋር ቢወዳደር ለኔ ከሁሉም የተሻለ ፍትሕ ነው። ግን የከሰሱትን ወላጆችም እረዳቸዋለሁ። ልጃቸው ለአንድ ሕግ ሲዘጋጅ ቆይቶ ሕጉ ተለወጠበት። አንተንና እነሱን የሚያገናኝ ነገር አለ፤ ሁለታችሁም «በምን እንደምትለኩን አስቀድማችሁ ንገሩን» ነው የምትሉት።

አባት፦ እኔ እንኳ ሌላም ጥርጣሬ አለኝ። ያው ማመልከቻው ላይ እስከ 12 ትምህርት ቤት ይሞላል። ሰዎች «አንደኛ ያላደረግከው ትምህርት ቤት አይወስድህም፤ የሚቀበልህን ቀላሉን አንደኛ አድርግ» ብለውን ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ቅደም ተከተሉን አበላሽተን ነው» ትላለች። በዚህ ተጣልተናል።

አማካሪዋ፦ ለባለቤትህ ንገራት፤ አላበላሻችሁም። ይህ ወሬ በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም ስህተት ነው። ዲሲ ከ2014 ጀምሮ በአንድ የጋራ ሎተሪ ይጠቀማል። የምደባው ሥርዓት ከሁለት የሒሳብ ሊቃውንት፣ ከጌልና ከሻፕሊ የ1962 ጽሑፍ የመነጨ ነው፤ አልቪን ሮዝ የሚባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ኒው ዮርክ ላይ በ2003 ሥራ ላይ አዋለው፤ እሱና ሻፕሊ በ2012 ኖቤል ተሸለሙበት። ከዚያ በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ 30 ሺህ ያህል ልጅ ጨርሶ ባልመረጠው ትምህርት ቤት ይመደብ ነበር። የሥርዓቱ ጥሩነት ይህ ነው፦ አንደኛ ምርጫህ ካልተቀበለህ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ አንደኛ አድርጎ ከጻፈው ልጅ እኩል ትታያለህ። የምትፈልገውን በምትፈልግበት ቅደም ተከተል ጻፍ፤ ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም።

አባት፦ እንግዲያው ማሽኑ አያዳላም።

አማካሪዋ፦ ማሽኑ አያዳላም። ግን እነዚህ በመስፈርት የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች አመልካቾቻቸውን በነጥብ ደርድረው ለማሽኑ ይሰጡታል። አንድ ሰው ከደቂቃዎች ንግግር በኋላ «ጉጉት አይታይበትም» ብሎ የቀነሳትን ሁለት ነጥብ ማሽኑ ያለ ጥርጣሬ ተቀብሎ በታማኝነት ይሠራባታል። ኖቤል የተሸለመው ሒሳብ ሥር ያለችው ያቺ ወረቀት ናት። ማንም ያላያት እሷን ነው።

አባት፦ እኔም እሷን ነው የምፈልገው። እሷን ቢያሳዩኝ አለቅስና እተወዋለሁ። ልጄን ቁጭ አድርጌ «እዚህ ላይ ነው የጎደለህ» እለዋለሁ። አሁን ምን ልበለው? ማታ ማታ «አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ይለኛል።

አማካሪዋ፦ ምን አልከው?

አባት፦ አላውቅም አልኩት። ምን ልበል? የሰፈራችን ትምህርት ቤት ከገባ እንግዲህ አበቃ...

አማካሪዋ፦ ቆይ። ይህን ልጁ ፊት ብለኸዋል?

አባት፦ ለእናቱ ስነግራት ሰምቷል መሰለኝ።

አማካሪዋ፦ ይህንንማ በፍጥነት አስተካክል። በሴፕቴምበር የሚገባበትን በር «ያበቃለት ሰው በር» ካልክለት ከኢንተርቪው ኮሚቴው የበለጠ የጎዳኸው አንተ ነህ። ሂድና ትምህርት ቤቱን ከልጁ ጋር እይ። የከፍተኛ ሒሳብ ክፍሉ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ጠይቅ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮርስ የሚወስድበት መንገድ መኖሩን ጠይቅ። ካውንስለሩ ስንት ተማሪ እንዳለው ጠይቅ። ተጠባባቂነቱም አልተዘጋም፤ ዝርዝሩ ክረምቱን ሙሉ ይንቀሳቀሳል።

አባት፦ እሺ፣ እሄዳለሁ። ግን እትዬ እውነቱን እንነጋገር፤ ሁሉም ትምህርት ቤት ጥሩ ቢሆን እኔም አልጮህም ነበር። ሰው ለጥቂት በር የሚጋፋው ሌላው በር ስላላስተማመነው ነው።

አማካሪዋ፦ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አገር ቤት በኛ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ታስታውሳለህ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ፈተናው ጥብቅ ነበር፣ ስርቆት ቀርቷል፣ አንተ የምትወደው ዓይነት ፈተና ነበር። እውነቱን ነገረን። ግን ፈተናው አንድም ክፍል አልሠራም፣ አንድም አስተማሪ አልቀጠረም። ሚዛን ምንም ያህል ቀጥ ብሎ ቢቆም ጎተራውን አይሞላም። እዚህ ከተማ ዳንባር የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ በ1870 የተመሠረተ፣ በአገሪቱ ለጥቁሮች የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ። በዘር መለያየት ዘመን፣ የደም ባንክን ያደራጀው ዶክተር ቻርልስ ድሩ የወጣው ከዚያ ነው፤ በዘር ምክንያት ዩኒቨርሲቲ የማይቀጥራቸው ባለ ዶክትሬት መምህራን ያስተምሩ ነበር። መለያየቱ ግፍ ነበር፤ ማንም አይናፍቀውም። ግን ትምህርት ቤቱን ትልቅ ያደረጉት እነዚያ አስተማሪዎች እንጂ በሩ ላይ የቆመ መራጭ ብቻ አልነበረም። ይህን ለከተማው ሹማምንት ሁልጊዜ መንገር አለብን። ሆኖም እሱ የዐሥር ዓመት ሥራ ነው፤ ያንተ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ ነው የሚገባው።

አባት፦ ዘንድሮ ምን ላድርግ?

አማካሪዋ፦ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቅ። ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት እንዳለው በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ጥያቄው ከቀረበ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለባቸው። ልጅህ አሁንም በከተማው ትምህርት ቤት የሚማር ስለሆነ የኢንተርቪው ቅጹም የመዝገቡ አካል ነው ብለህ ጠይቅ። እምቢ ሊሉህ ይችላሉ፤ እምቢታቸውንም በጽሑፍ ተቀበል። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ካስቸገረህ በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ይሸፍናል፤ አስተርጓሚ ጠይቅ። ልጅህን ግን አስተርጓሚ አታድርገው።

አባት፦ ገባኝ። ከዚያስ?

አማካሪዋ፦ የከተማው ምክር ቤት ስለ ትምህርት ቤቶች የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን አለ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው የሚሰጠው። ተመዝገብ።

አባት፦ ሦስት ደቂቃ ምን ይበቃል? እኔ ሌሊቱን ሙሉ ልናገር እችላለሁ።

አማካሪዋ፦ ይበቃል። ምን ትላለህ? አሁን ለኔ ንገረኝ።

አባት፦ ልጄ ጎበዝ ነው፣ ተበድሏል እላለሁ።

አማካሪዋ፦ አዳራሹ ሙሉ የሚመጣው ልጁ ጎበዝ የሆነ ወላጅ ነው። የሁሉንም ልጅ የሚጠቅም ነገር በል።

አባት፦ እሺ። አንደኛ፣ ጥያቄዎቹን ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ምን እንደምትፈልጉም አስቀድማችሁ በአማርኛም በስፓኒሽም ለወላጅ ንገሩ። «ኃላፊነት» ስትሉ አያትን ሐኪም ቤት መውሰድ እንደሚቆጠር ልጁ ከመግባቱ በፊት ይወቅ። ሁለተኛ፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ሰው ለየብቻ ነጥብ ይስጠው፤ ሳይነጋገሩ። ከተራራቁ ሦስተኛ ሰው ይየው።

አማካሪዋ፦ ይህ መልካም ነው። እኔ ኮሚቴ ላይ ሳለሁ ብዙ ጊዜ የተመኘሁት ነው።

አባት፦ ሦስተኛ፣ ያለፈም ያላለፈም ልጅ ነጥቡን ይወቅ፤ በየትኛው ረድፍ እንደተቀነሰበት ይነገረው። ትምህርት ቤቱ የግል ከሆነ አይመለከተኝም። ይህ ግን እኔም በግብሬ የምከፍልለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ለሕዝብ ልጅ «አንነግርህም» ሊል አይገባም።

አማካሪዋ፦ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?

አባት፦ ሁለት አይሞላም መሰለኝ።

አማካሪዋ፦ የቀረችውን አንድ ደቂቃ የኢንተርቪውን ቀንና ሰዓት አንሣበት። የሥራ ቀን ረፋድ ላይ የሚደረግ ከሆነ ልጁን የሚያደርስ ወላጅ ከሥራው መቅረት አለበት፤ ማታና ቅዳሜም ይሁን በል። የልጅህን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አታንሣ። ድምፅህንም ከፍ አድርግ፣ ዓይናቸውን እያየህ ተናገር።

አባት፦ ልጄን ይዤው ልሂድ?

አማካሪዋ፦ ከፈለገ ይምጣ። አስገድደህ ግን አትውሰደው፤ ከሰሞኑ በበቂ ሁኔታ ሰው ፊት ቀርቧል። ታናሽ እህቱ ስንተኛ ክፍል ናት?

አባት፦ አምስተኛ።

አማካሪዋ፦ እንግዲያው እሷን ከዛሬ ማታ ጀምሮ እራት ላይ ጠይቃት። ዛሬ ምን አስቸገረሽ፣ እንዴት ተወጣሽው በላት። በአማርኛ ጠይቃት፤ በአማርኛ ትመልስልህ። ስለ ራሷ መናገር የለመደች ልጅ በእንግሊዝኛው አያቅታትም።